ከቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ የተሰቀለው ጋውን

ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነ ነው። በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ያየሁትን አላየሁም አልልም።

ደግሞ እኩለ ሌሊት፣ መቃብር ቦታ ምናምን ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቷል። እኔ በምሠራበት ላብራቶሪ ኮሪደር ላይ ብቻዬን ቆሜያለሁ...

ፊት ለፊቴ የቀዝቃዛው ክፍል በር አለ። ከበሩ ጎን ባለው ማንጠልጠያ ላይ ነጭ ጋውን ተሰቅሏል።

የማን ጋውን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ቀዝቃዛው ክፍል ማለት ሰው ቆሞ የሚሠራበት ትልቅ ፍሪጅ በሉት። እኛ የምንሠራው ፕሮቲን ሙቀት አይወድም፤ ስለዚህ ብዙውን ሥራ እዚያ ውስጥ እየተንቀጠቀጥን ነው የምንሠራው። በሩ ወፍራም ነው። ከውስጥ ብትጮኹ ውጭ አይሰማም። መቆለፊያው ደግሞ አመል አለበት፤ አንዳንዴ ከውስጥ አልከፈትም ይላል።

በዚህ የተነሳ አንድ ልማድ አለን። የሚገባ ሰው ነጭ ጋውኑን አውልቆ ውጭ ይሰቅላል፣ ውስጥ ያለውን ወፍራም ካፖርት ይለብሳል። ሲወጣ ጋውኑን ራሱ ያነሳል። የሰው ጋውን ማንም አይነካም፤ ባለቤቱ ብቻ።

ጋውን ውጭ ካለ ሰው ውስጥ አለ።

ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ሥራችንን በቀላሉ ላስረዳችሁ። ሴል ብቻውን መቆም አይችልም፤ የሚቆምበትና የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። በሰውነታችን ውስጥ ይህን የሚያደርግ ፕሮቲን አለ። ሦስት ሰንሰለቶች ተጎንጉነው አንድ ይሆናሉ፣ ልክ እንደ ጸጉር። እኛ የሦስቱንም ጂን ሌላ ሴል ውስጥ እናስገባለን፣ ሴሉ ፕሮቲኑን ይሠራልናል፣ እኛ አጥበን አጣርተን በጠርሙስ እናስቀምጣለን። ከዚያ ስለ ሴል ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ይላካል። ሳህናቸውን ይቀቡበትና ሴል ይዘሩበታል። ሴሉም ቤቱ እንደገባ ሰው ዘርጋ ብሎ ይቀመጣል።

ፕሮቲን ነፍስ የለውም። አያይም፣ አይሰማም። ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ... አውቀው ነበር ብል ይሻላል።

ሥራውን ያስተማረችኝ እትዬ ናት። ታላቅ እህቴ። እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ ያሳደገችኝም እሷው ናት። እልኸኛ ነበረች፤ አንዴ የያዘችውን አትለቅም። የጋውኗን የግራ ኪስ አሲድ በስቶት በሰማያዊ ክር ጠቅማዋለች። አዲስ ውሰጂ ብትባል እምቢ አለች፤ ይሄ ምን ሆነ ነው የምትለው።

አንዲት ልጅ አለቻት። ሚጢ እንላታለን። እትዬ በየጠዋቱ ጸጉሯን በሦስት ትጎነጉንላትና ጫፉን ከላብራቶሪ ባመጣችው ሰማያዊ ላስቲክ ታስርላታለች። ጉንጉኑ ከመጥበቁ የተነሳ ልጅቷ ቅንድቧ ወደ ላይ ይሳብ ነበር። እየሳቅን እንተወው ነበር።

ከዚያ እትዬ ታመመች። ነገሩ ሁሉ ፈጠነ...

በመጨረሻው ቀን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እጄን ያዘችኝ።

“ሚጢን አደራ።”

“እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያት፣ እትዬ።”

“ከከበደችሽ ግን ንገሪኝ... መጥቼ እወስዳታለሁ።”

ትኩሳቱ ነው የሚያናግራት አልን። እጄን እንደያዘች ሞተች። ነርሷ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነበር ያላቀቀችልኝ።

ጋውኗን አጥቤ፣ አጣጥፌ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሚጢንም ይዤ ኑሮዬን ቀጠልኩ። ጸጉር መጎንጎን ግን አላውቅም፤ እጄ ለዚያ አልተፈጠረም። ሚጢ እንደ ነገሩ ተበጥራ ነበር ትምህርት ቤት የምትሄደው።

ሚጢ ከሄደች ቤቴ ባዶ ነው። ያለኝ እሷ ብቻ ናት።

እትዬ ካረፈች አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል አዲስ ፕሮቲን አወጣን። እሷ ከመታመሟ በፊት ካዘጋጀችውና በረዶ ውስጥ ከቆየው የሴል ዘር የተሠራ ነው። ከመላካችን በፊት ሴል ዘርተንበት እንፈትሻለን፤ የፍተሻው ሥራ የእኔ ነው።

ሳህኑን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብቼ አየሁ...

ሴሎች በደህናው ቀን ልክ እንደ ገበያ ሰው ናቸው፤ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ። እነዚህ ግን ሁሉም ጫፋቸውን አሹለው ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረዋል።

ወደ እኔ።

ሳህኑን አዞርኩት፤ አሁን ፊታቸው ወደ ግድግዳው ሆነ። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩና አየሁት። ዞረዋል። እንደገና ወደ እኔ።

ቶሎቶሎን ጠራሁት። ቶሎቶሎ የምንለው የሥራ ባልደረባዬን ነው፤ በነገር ሁሉ ይቸኩላል። አለቃችን “ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ” እያሉ ሲገስጹት ስሙ ሆኖ ቀረ። አየና ሳቀ። ወደውሽ ነው አለኝ። ወንበሬ ላይ እሱ ተቀመጠ፣ እኔን መስኮቱ ጋ ሥሪ አለኝ።

ቆይቶ ሲያያቸው መሳቁን ተወ።

ሴሎቹ ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሴልን ከሳህን የሚያላቅቅ ፈሳሽ አለን፤ ጠብ ስታደርጉበት ወዲያው ይለቃል። እነዚህ ግን አልለቀቁም። ፈሳሹን ጨመርኩ፣ አሞቅኩት፣ ሳህኑን መታ መታ አደረግኩት... ሙጭጭ ብለው ያዙ። አለቃችን ሲሰሙ ደስታቸውን አልቻሉትም። እንዲህ የሚይዝ ፕሮቲን ሠርተን አናውቅም ብለው ለሁላችንም ምሳ ጋበዙ።

ቶሎቶሎ ግን ምሳውን አልበላም። ሰው ሲበተን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

“ለማንም እንዳትነግሪ...”

“ምኑን?”

“ሦስተኛው ሰንሰለት... የእህትሽ ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ተገዝቶ የመጣው ሦስተኛ ጂን አልሠራ ብሏቸው ነበር። ሌላ አዝዞ መጠበቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ቶሎቶሎ እንደ አመሉ ቸኮለ፤ እትዬ ደግሞ የጀመረችውን አትተው። የራሷን ጉንጭ ከውስጥ በጥጥ ጠርጋ፣ ጂኑን ከዚያ ቀዱት።

በእኛ ሥራ የራስን ሥጋ ጠረጴዛ ላይ አያወጡም። መጀመሪያ ቀን የሚነገረን ይህ ነው። ገላህ የገዛ ራሱን አይጠራጠርም፣ ቢገባብህ ጠላት ነው ብሎ አይመልሰውም ይሉናል። ሥጋ ሥጋውን ያውቃል።

ያኔ ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነበረብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ከእትዬ የቀረ ነገር በዓለም ላይ አለ ማለት ነው አልኩ። ጠርሙሱን እያየሁ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሚጢ ጥርሷን አሟት ስታለቅስ አድራ፣ እኔም ዓይኔን ሳልከድን ነጋ። ሥራ ገባሁ። ጋውኔን ውጭ ሰቀልኩ፣ ካፖርቱን ለበስኩ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ገባሁ። ጠርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። ሰው ሆዱ ሲብስ የሚያወራው አያጣም...

“እትዬ... ደክሞኛል። ልጅቷ ከበደችኝ።”

ከአፌ ወጣ። እንዲያው እንደ ወሬ ነበር።

ጠርሙሶቹ ቀስ ብለው እርስ በርስ ተንኳኩ። የማቀዝቀዣው ሞተር ነው ብዬ ወጣሁ።

ነገርኳት ማለት ነው። ንገሪኝ ብላኝ አልነበር?

በማግስቱ ሚጢ ትምህርት አልነበራትም፤ ይዣት መጣሁ። ከላብራቶሪው ግድግዳ ማዶ ባለችው ማረፊያ ክፍል እርሳስና ወረቀት ሰጥቼ አስቀመጥኳት። ከዚያ ሴሎቹን አየሁ።

ወደ እኔ አላዩም።

መጀመሪያ እፎይ አልኩ። ተገላገልኩ አልኩ። ሁሉም ጫፋቸውን አሹለው ወደ ግድግዳው ዞረዋል። ወደ ግድግዳው...

ከግድግዳው ማዶ ሚጢ ናት።

ልጅቷን ይዤ ወጣሁና ዋናው በር ላይ ካለው ዘበኛ ጋ አስቀመጥኳት። ዘበኛው ከመጣ ወር ያልሞላው ደግ ሰው ነው። ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቶሎቶሎ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለ። ለብዙ ጊዜ ቀና አላለም።

“ወደ ዋናው በር ዞረዋል” አለኝ በሹክሹክታ። “እዚያ ማን አለ?”

“ሚጢ።”

“ውሰጂያት። አሁኑኑ።”

ጓንቴን እያወለቅኩ ሮጥኩ። ዘበኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። የሚጢ እርሳስ መሬት ወድቋል።

“ልጅቷስ?”

“እናቷ መጥታ ወሰደቻት እኮ” አለኝ ቀና ሳይል። “ነጭ ጋውን የለበሰችው። ልጅቷም እማዬ ብላ ሮጣ ሄደች።”

ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ኮሪደሩን እንዴት እንደተመለስኩም አላውቅም።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ቦታ ደረስን። ስድስት ሰዓት ተኩል። ሰው የለም። ማንጠልጠያው ላይ ነጭ ጋውን ተሰቅሏል... የግራ ኪሱ በሰማያዊ ክር ተጠቅሟል።

ከጎኑ፣ ዝቅ ብሎ፣ የሚጢ ሹራብ ተሰቅሏል።

በሩን ሳብኩት። አልከፈትም አለ። በሁለት እጄ፣ እግሬን ግድግዳው ላይ ደግፌ ሳብኩት። ተከፈተ። ውስጡ ጨለማ ነው። ብርዱ ፊቴን መታኝ። መብራቱን በዳበሳ አበራሁ...

ሚጢ የጠርሙስ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ወፍራሙን ካፖርት ለብሳለች። ቁልፉ እስከ አንገቷ ድረስ ተቆልፏል፤ እጅጌው በእሷ ልክ ተጠቅልሏል።

ጸጉሯ በሦስት ተጎንጉኗል። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ አለ። ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቧል።

“አክስቴ፣ መጣሽ?”

“ማን አስገባሽ?”

“እማዬ።”

“ምን አለችሽ?”

“አክስትሽ ደክሟታል፣ አብረን እንሂድ አለችኝ። እኔ ግን አክስቴን ሳልሰናበት አልሄድም አልኳት።”

እጇን ያዝኩት። በዚያ ሁሉ ብርድ እጇ ይሞቃል፤ ሰው ሲይዘው የቆየ እጅ ነው የሚመስለው።

“ከዚያስ?”

“እሺ፣ እጠብቅሻለሁ አለችኝ።”

ይህን ስትል እኔን አይደለም የምታየው። ከትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ ያለውን መደርደሪያ ነው።

አልዞርኩም። ነፍሴ ልትወጣ ደርሳለች፣ ግን አልዞርኩም። ልጅቷን አቅፌ ወጣሁና ማይክሮስኮፑ ጋ የቀረው ቶሎቶሎ እጅ ላይ አስቀመጥኳት። ከግቢው አውጣት፣ ሩቅ ውሰዳት አልኩት። አንዴ እንኳ ለምን ሳይለኝ ይዟት ሮጠ፤ መቸኮሉ የጠቀመን ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ በረኪና ይዤ ተመለስኩ። ጋውኑ አሁንም ተሰቅሏል። አልነካሁትም፣ የሰው ጋውን አይነካም። ጠርሙሶቹን አንድ ሳላስቀር ከፍቼ በረኪና ሞላሁባቸው። በረዶ ውስጥ ያለውን ዘር አወጣሁ፣ እሱንም ጨመርኩ። ሳህኖቹንም። ያ ሁሉ ሰው የደከመበት ሥራ እየነጣ ሲሞት አየሁት። ከእትዬ የቀረኝ ነገር ሁሉ ያ ነበር፤ በገዛ እጄ ገደልኩት። እንባዬ እየወረደ ነው የማወራው።

“እትዬ፣ አልከበደችኝም። ውሸቴን ነው። ልጅሽን ተይልኝ...”

ሞተሩ ብቻ ያጓራል።

ስወጣ ማንጠልጠያው ባዶ ነበር።

ጋውኑ ተነስቷል። ባለቤቱ ወጥታለች ማለት ነው። እፎይ ብዬ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። የወጣች ሴት ወዴት እንደምትሄድ ያኔ አላሰብኩም።

አለቃችን ከሥራ አባረሩኝ። አልፈርድባቸውም፤ ምን ብዬ ላስረዳቸው? ያን ቀን ቤት ስገባ መጀመሪያ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። የእትዬ ጋውን እንዳጣጠፍኩት በቦታው አለ። የሳሙና ሽታውም አለ። አንገትጌው ግን እርጥብ ነበር፤ እንደ በረዶም ይቀዘቅዛል። ግቢ አውጥቼ አሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ አቃጠልኩት። አመድ እስኪሆን ቆሜ አየሁ።

ቤት ቀየርን። ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ትምህርት ቤት። አሁን መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ሚጢ ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ጥርሷም ተነቅሎላታል። ማታ ማታ ጸጉሯን ፈትቼ አበጥሬ አስተኛታለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ለትምህርት ቤት ልቀሰቅሳት ሄድኩ። ብርሃኑ ቤቱን ሞልቶታል። ከመኝታ ክፍሏ በር ጎን፣ በውጭ በኩል፣ ቤቱን ስንከራይ የነበረ ምስማር አለ። ባዶ ነበር ሁሌ...

ነጭ ጋውን ተሰቅሎበታል። የግራ ኪሱ በሰማያዊ ክር ተጠቅሟል።

ጋውን ውጭ ካለ ሰው ውስጥ አለ።

በሩን ከፈትኩት። ሚጢ ለጥ ብላ ተኝታለች። ሌላ ሰው አላየሁም። ጸጉሯ ግን ተጎንጉኗል፣ ሰማያዊ ላስቲኩም አለ።

ያ ከሆነ ቆየ። ጋውኑ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አላነሳሁትም፤ የሚያነሳው ባለቤቱ ብቻ ነው፣ እሷ ደግሞ ገና አልወጣችም። ጉንጉኑም በየጠዋቱ ተሠርቶ ይጠብቀኛል። ሚጢን ጠየቅኳት፤ ትሄጃለሽ እንዴ ብዬ።

“አይ” አለችኝ። “እማዬ አንቺ እስኪደክምሽ ነው የምትጠብቀው።”

ከዚያ ወዲህ ደከመኝ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ ስመለስ፣ ወገቤ ሲቆረጥ፣ ሚጢ ሲያተኩሳት ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ሳድር... ስቄ ደህና ነኝ ነው የምለው። ባዶ ቤት ውስጥም ቢሆን።

ትናንት ግን ከሥራ ስገባ፣ ጫማዬን ሳወልቅ፣ በሆዴ አሰብኩት። ቃል አላወጣሁም። በሆዴ ብቻ።

ዛሬ ጠዋት ከጋውኑ ጎን ሁለተኛ ምስማር ተመትቶ አገኘሁ። እኔ አልመታሁትም። ዝቅ ብሎ ነው የተመታው፣ የሚጢ እጅ በሚደርስበት ቁመት ላይ...

ገና ምንም አልተሰቀለበትም።